ስለ ኩሽኔታ አያያዝ፤ ቆመው ስለ ሰነበቱ መኪናዎችም

የቋንቋና የታሪክ ተማሪ ስለ ብረት ምን አገባው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ምህንድስናው በእንዳኢየሱስ ግቢ ነው፤ እኛ በዓዲ ሓቂ ያለነው መጽሐፍ እንገልጣለን እንጂ ሞተር አንፈታም። ይሁን እንጂ ከግቢያችን ወጥቶ ወደ ገበያው የሚሄድ ሰው የወፍጮ ድምፅ ሳይሰማ አይመለስም። በዚያ ወፍጮ ውስጥ ኩሽኔታ አለ፤ ኩሽኔታው ነክሶ የቆመ ዕለት እናቶች የተሸከሙትን እህል እንደ ተሸከሙ ይመለሳሉ። እንጀራ የሚበላ ሁሉ ነገሩ ያገባዋል ማለት ነው።

ኩሽኔታ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ በመጣበት ቋንቋ «ትንሽ ትራስ» ማለት ነው። ግራሶ፥ ካቻቪቴ፥ ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ የሚሉት የጋራዥ ቃሎችም ከዚያው ቤት የወጡ ናቸው። ስሙ ለግብሩ የሚስማማ ነው፤ የሚዞረው ዘንግ ክብደቱን የሚያሳርፈው በእርሱ ላይ ነውና። ሁለት የብረት ቀለበቶች አንዱ በሌላው ውስጥ ይገባሉ፤ በመካከላቸውም እጅግ የተወለወሉ የብረት ብዮች ይደረደራሉ፤ ብዮቹም እርስ በርሳቸው እንዳይፋተጉ አንድ ማቀፊያ ለያይቶ ይይዛቸዋል። በልጅነቱ በብረት ብይ የተጫወተ ሁሉ ከአሮጌ ኩሽኔታ የወጣውን ዕቃ በእጁ ይዞታል። ከባድ ጭነት ለሚሸከመው በብይ ፈንታ ድቡልቡል የብረት ዘንጎች ይገቡበታል። ብይም ዘንግም የሌለው፥ በዘይት ብቻ የሚንሸራተተው ደግሞ በሞተር ውስጥ ያለው ብሮንዚና ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፥ ኩሽኔታው ደኅና በሆነ ጊዜ ብረቱ ከብረት ጋር አለመነካካቱ ነው። በብዩና በቀለበቱ መካከል የዘይት ስስ ሽፋን ይገባል፤ ውፍረቱም ብዙውን ጊዜ ከሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ያነሰ ነው። እንግዲህ የሲሚንቶ ብናኝ ወይም የመቀሌ በጋ ነፋስ የሚያመጣው አቧራ ከዚህ ሽፋን ስንት እጥፍ እንደሚበልጥ ማሰብ ይበቃል። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ገብታ በብዩ ሥር ስታልፍ ቀለበቱን ትወጋዋለች፤ የተወጋውም ቦታ ብዩ ባለፈበት ቁጥር እየተቀረፈ ይሰፋል።

የጭነቱም ነገር እንዲሁ ነው። መሐንዲሶች የኩሽኔታን ዕድሜ የሚያሰሉበት ሕግ አላቸው፤ በብይ ኩሽኔታ ላይ ጭነቱ እጥፍ ቢሆን ዕድሜው በግማሽ አይቀንስም፤ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል እንጂ። ቺንጋው እንዳይንሸራተት ብሎ ከልክ በላይ የሚወጥር ባለ ወፍጮ ይህን ቢያውቅ እጁን ይሰበስብ ነበር። ቺንጋው ዘንጉን ወደ አንድ ወገን ይጎትተዋል፤ ያም ጉተታ ሌሊትና ቀን የሚከፈል ዕዳ ነው።

የዚህን ዕቃ ታሪክ ካነሣን ዘንድ የስዊድኑን የስቬን ቪንግክቪስትን ነገር ማለፍ አይገባም። ይህ ሰው በዮተቦርይ ከተማ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የመኪናዎች ጥገና ኃላፊ ነበር። ፋብሪካው የተሠራው በሸክላ አፈር ላይ ስለ ነበረ መሬቱ ይንቀሳቀሳል፤ መሬቱ ሲንቀሳቀስ ረዣዥሞቹ ዘንጎች ይጣመማሉ፤ ዘንጎቹ ሲጣመሙ ኩሽኔታዎቹ ይሰበራሉ። ምትክ ለማግኘት ደግሞ ከውጭ አገር መጠበቅ ነበረበት። በዚህ ተማርሮ በ1907 በፈረንጆች አቆጣጠር ዘንጉ ጥቂት ቢያዘነብል አብሮ የሚያዘነብል፥ ባለ ሁለት ረድፍ ብይ ኩሽኔታ ሠራ፤ ኤስካኤፍ የሚባለው ታላቅ ኩባንያም በዚያው ዓመት ከዚያ ተወለደ። ለእኔ የሚደንቀኝ ፈጠራው ከትልቅ ቤተ ሙከራ አለመውጣቱ ነው፤ የመጣው መለዋወጫ ሲጠብቅ ከሰለቸው የጥገና ሰው ነው።

የመለዋወጫን ነገር ጦርነትም ያውቀዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካኖች የጀርመንን የጦር ኢንዱስትሪ ለማቆም የሽቫይንፉርትን ከተማ የኩሽኔታ ፋብሪካዎች በነሐሴ 17 እና በጥቅምት 14 ቀን 1943 በፈረንጆች አቆጣጠር ደበደቡ። በጥቅምቱ ጥቃት ብቻ 60 ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ጠፉባቸው። ጀርመኖችም ፋብሪካውን ወደ ብዙ ቦታ በትነው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ወደ አገራችን ልመለስ። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በመቀሌና በአካባቢዋ ብዙ መኪና ቆመ። የመብራት መቋረጥ፥ የነዳጅ መጥፋት፥ የመለዋወጫ አለመግባት ሁሉም በአንድነት መጡ። የመሰቦ ሲሚንቶ ፋብሪካ ቆመ። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. የተመረቀው፥ 84 ተርባይኖች ያሉትና 120 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራው የአሸጎዳ የነፋስ ኀይል ማመንጫም ከሥራ ውጭ ሆነ። ትንንሾቹ ወፍጮዎችና የእንጨት ሥራ ቤቶች ስንቱ እንደ ቆሙ የቈጠራቸው የለም። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ ሰው ሁሉ መኪናውን ለማስነሣት ቸኰለ። እዚህ ላይ ነው የኩሽኔታ ዕውቀት የሚያስፈልገው፤ ምክንያቱም ያልሠራ መኪና አላረጀም ማለት አይደለም።

የቆመ ኩሽኔታ በሦስት መንገድ ይጐዳል። አንደኛ፥ በግራሶው ውስጥ ያለው ዘይት በጊዜ ብዛት እየተለየ ይፈሳል፤ የሚቀረው እንደ ሳሙና ያለ ደረቅ ነገር ነው። ሁለተኛ፥ እርጥበት ይገባና ብዩ ከቀለበቱ ጋር በተገናኘበት ቦታ ዝገት ይይዘዋል። ሦስተኛውና ተንኰለኛው ግን ንዝረት ነው። ዘንጉ ሳይዞር በአጠገቡ ሌላ ሞተር ሲሠራ፥ ወይም ነፋስ ሲያወዛውዘው፥ ብዩ ባለበት ቦታ ላይ እጅግ በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ የዘይቱን ሽፋን ገፍቶ ያስወጣና ብረቱን መፋቅ ይጀምራል። ከዚያም በቀለበቱ ላይ ብዮቹ በተደረደሩበት ልክ እኩል የተራራቁ ጐድጓዶች ይታያሉ፤ ቡናማ ቀይ ዱቄትም ይገኝባቸዋል። ይህ ነገር በ1930ዎቹ በአሜሪካ ታውቋል። በባቡር ተጭነው ረዥም መንገድ የሄዱ አዳዲስ መኪኖች፥ ገዢያቸው አንድ ቀን ስንኳ ሳይነዳቸው የጎማቸው ኩሽኔታ ተበላሽቶ ይገኝ ነበር።

ስለዚህ መኪናው የቆመ ቢሆን ባለቤቱ አልፎ አልፎ ዘንጉን በእጁ ማዞር አለበት፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ቢሆን መልካም ነው። ጥቂት ጊዜ ሙሉ ዙር ካዞረው በኋላም ከቀድሞው ቦታ በተለየ ቦታ ያቁመው፤ ብዮቹ ሁልጊዜ በአንድ ሥፍራ እንዳይቀመጡ ነው። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው፤ ነዳጅም መብራትም አይፈልግም።

ረዥም ጊዜ የቆመውን ለማስነሣት ደግሞ ማብሪያውን ከመጫን በፊት ኀይሉን ከምንጩ ቈርጦ፥ ቺንጋውን አውርዶ፥ ዘንጉን በዝግታ በእጅ ማዞር ይገባል። ጤነኛው ለስላሳ ሆኖ ይዞራል። አሸዋ የሚያኝክ የሚመስል ስሜት ካለው ቆሻሻ ወይም ዝገት ገብቶበታል፤ እኩል በተራራቀ ቦታ ደረጃ እንደ መውረድ ጠቅ ጠቅ ካለ ከላይ የተናገርነው ጐድጓድ አለበት። ዘንጉን ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀንቁት የሚንገጫገጭ ከሆነ ተበልቷል፤ ግራሶ ቢጨምሩበትም አይድንም።

መኪናው ሲሠራ ምርመራው በጆሮና በእጅ ነው። አሮጌ መካኒኮች ረዥም ካቻቪቴ ወይም ደረቅ እንጨት ወስደው አንዱን ጫፍ በኩሽኔታው ቤት ላይ፥ ሌላውን ጫፍ በጆሮአቸው አጠገብ ያደርጋሉ። አንድ ወጥ የሆነ ዝቅተኛ እምምታ ደኅና ነው። ጩኸትና ፉጨት ግራሶ ማነሱን፥ መንኰሻኰሽ ቆሻሻ መግባቱን፥ በልክ የሚደጋገም ምት ደግሞ ቀለበቱ መቀረፉን ይነግራል። ነጠላ ወይም ሻርፕ የለበሰ፥ እጅጌው የሰፋ ሰው ግን ወደሚዞረው ዘንግ አይጠጋ፤ ቺንጋ የሰውን ልብስ ከእህል አይለይም።

በዘመናችን በፋብሪካዎች ይህን የሚያደርግ የንዝረት መለኪያ አለ፤ ስሌቱም ያን ያህል የረቀቀ አይደለም። ለምሳሌ ቍጥሩ 6308 የሆነ ኩሽኔታ 8 ብዮች አሉት። ዘንጉ በደቂቃ 1500 ጊዜ ቢዞር በሰኮንድ 25 ዙር ነው። በውጭው ቀለበት በአንዲት ነጥብ ላይ የሚያልፉት ብዮች ቍጥር፥ የብዮቹ ብዛት በዙሩ ተባዝቶ ከዚያ 40 በመቶ ያህል ነው፤ ይኸውም በሰኮንድ 80 ገደማ ይሆናል። መለኪያው በ80 ላይ ምት ካሳየ የውጭው ቀለበት ቈስሏል ማለት ነው። ይህን የሚያሳይ መሣሪያ የሌለው ወፍጮ ቤት ግን ጆሮውን ይጠቀም፤ ብቻ በየሳምንቱ በአንድ ዐይነት ቦታ ያዳምጥ። ለውጡን የሚያውቅ የትናንቱን ድምፅ የሚያውቅ ነው።

ስለ ሙቀት፤ ሰው እጁን አሳርፎ ሊያቆየው የማይችለው ብረት 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ደርሷል። ይህ ብቻውን አደጋ አይደለም፤ አንዳንድ ሞተር በዚያ ሙቀት ለዓመታት ይሠራል። ሰው ሊፈራው የሚገባው ትናንት ለብ ያለው ዛሬ ሲያቃጥል ነው። ግራሶው ከ70 ዲግሪ በላይ በጨመረ በየ15 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ግራሶ እንምጣ፤ በአገራችን ብዙ ስሕተት የሚሠራው በዚህ ነውና። ቸር ሰው ለኩሽኔታ ጠላት ነው። ድምፅ በሰማ ቁጥር ፓምፑን እያነሣ እስኪፈስ ድረስ የሚሞላ አለ፤ ብዮቹ ያን ሁሉ ግራሶ እንደ ሊጥ ሲያቦኩት ኩሽኔታው ይግላል፤ ግሎም ግራሶውን ያቃጥለዋል። በመጀመሪያ ሲታሸግ ከባዶው ቦታ ከ30 እስከ 50 በመቶ ብቻ ቢሞላ ይበቃል። በኋላ ለሚጨመረውም ቀላል ሂሳብ አለ፤ የውጭውን ስፋት በሚሊሜትር በውፍረቱ አባዝቶ በ0.005 ማባዛት ነው። የቅድሙ 6308 የውጭ ስፋቱ 90፥ ውፍረቱ 23 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ 10 ግራም ያህል ይበቃዋል። ፓምፑ በአንድ ጭቈና ስንት ግራም እንደሚተፋ በገበያ ሚዛን መዝኖ ማወቅ ይቻላል። ግራሶው የሚገባበት አፍ አስቀድሞ በጨርቅ ይጠረግ፤ አለዚያ በላዩ ያለው ዱቄትና አቧራ ቀድሞ ይገባል። የተለያየ ዐይነት ግራሶም አይቀላቀል፤ አንዳንዶቹ ሲገናኙ ቀጥነው ይፈሳሉና። በሁለት ወገን በጎማ የታሸገው ኩሽኔታ ግን ግራሶው ከፋብሪካው ጋር የመጣ ስለ ሆነ ከፍተው አይጨምሩበትም።

ስለ መግጠምም ጥቂት ልበል። በመዶሻ የሚመታ ኩሽኔታ ገና ሥራ ሳይጀምር ይቈስላል። ዘንጉ ላይ ጠብቆ የሚገባው የውስጡ ቀለበት ከሆነ ግፊቱ በውስጡ ቀለበት ላይ ብቻ ይረፍ፤ ለዚህም ልክ የሆነ ቧንቧ አስደግፎ በቀስታ መግፋት ነው። በውጭው ቀለበት ቢገፉት ኀይሉ በብዮቹ በኩል አልፎ ቀለበቱን ይጐደጕደዋል። ትልቁን በዘይት ውስጥ እስከ 110 ዲግሪ ድረስ አሙቆ ሲሰፋ ማስገባት የታወቀ ዘዴ ነው፤ በእሳት ነበልባል ማሞቅ ግን የብረቱን ጥንካሬ ያጠፋል። በያጆችም ይስሙ፤ የብየዳው ምድር ሽቦ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ካልታሰረ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታው በኩል ያልፍና ብዮቹን ያቃጥላል።

ገበያ ለሚወጣ ሰው የቍጥሩን ምስጢር ልንገረው። በቀለበቱ ጠርዝ ከተጻፈው ቍጥር የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከ04 ጀምሮ ከሆኑ በ5 ሲባዙ የዘንጉን ውፍረት ይሰጣሉ፤ 6205 ማለት 25፥ 6308 ማለት 40 ሚሊሜትር ነው። መጀመሪያ ያለው 6 ባለ አንድ ረድፍ ብይ መሆኑን ያሳያል። ቍጥሩን ተከትሎ ሁለት ዜድ ቢኖር በብረት፥ አር ኤስ ቢኖር በጎማ የተሸፈነ ነው። ሲ3 የተባለው በውስጡ ሰፋ ያለ ክፍተት ስላለው ለሚሞቅ ሞተር ይስማማል፤ ሻጩ «ያው ነው» ቢል አይታመን። የታወቁ ኩባንያዎችን ስም የተለጠፈበት ሐሰተኛ ኩሽኔታ በዓለም ሁሉ ይሸጣል፤ ጽሕፈቱ የተንጋደደ፥ ሣጥኑ የተቀደደ፥ ዋጋው ከሌላው እጅግ የወረደ ከሆነ መጠርጠር ነው።

አሮጌው ከወጣ በኋላም ቶሎ ለልጆች ብይ አይሁን። ታጥቦ በፀሐይ ብርሃን ይታይ። ብዩ የሄደበት መስመር በመካከል ቀጥ ብሎ ከተገኘ በዕድሜው ሞቷል። መስመሩ በአንድ ወገን ወደ ጠርዝ ያዘነበለ ከሆነ ዘንጉ ተጣሟል፤ አዲሱም በዚያው ይሞታል። በእኩል ርቀት የተጐደጐደ ከሆነ በመዶሻ የተመታ ወይም ቆሞ የተንቀጠቀጠ ነው። ሰማያዊ የሆነ ቀለም ከያዘ ዘይት አጥቶ ግሏል። ይህን ሁሉ ከቀኑ ጋር በአንድ ደብተር ጽፎ ደብተሩን ከመኪናው አጠገብ መስቀል ነው፤ ከዓመት በኋላ የሚመጣው ሌላ መካኒክ ሊሆን ይችላልና።