ማስረጃ ያሳመነው ማንን ነው?

ሐሰተኛ ወሬ ያመነ ሰው እውነቱ ሲቀርብለት ሐሳቡን ይለውጣል? ስለ እምነት፣ ስለ አድልዎና ስለ ሐሰተኛ መረጃ የምሽት ውይይት የሚያዘጋጅ ቤተ መጻሕፍት ሁሉ ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። ጥያቄው ደግሞ ከቲክቶክና ከቴሌግራም ብዙ ይቀድማል።

እ.ኤ.አ. በ1942፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፋፋም፣ «ቦስተን ሄራልድ» የተባለው የአሜሪካ ጋዜጣ «የወሬ ክሊኒክ» የሚል ዓምድ ከፈተ። በከተማው የሚናፈሰው አሉባልታ ይሰበሰባል፤ ተጣርቶም ማስተባበያው ይታተማል። የሐርቫርድ የሥነ ልቡና ምሁራንም እጃቸው ነበረበት። ወዲያው ግን ሥጋት ተነሣ፦ ውሸትን ለማስተባበል ብሎ ማተም ላልሰማው ማሰማት አይሆንም? ሥጋቱ ከንቱ አልነበረም። በ1977 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ሰዎች ደጋግመው የሰሙትን ዓረፍተ ነገር፣ ውሸት ቢሆንም እንኳ፣ አዲስ ከሆነባቸው ይልቅ ወደ እውነት ያስጠጉታል።

ሌላው መሰናክል አድማጩ ራሱ ነው። በ1979 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 48 ተማሪዎችን መረጡ፤ ግማሾቹ የሞት ቅጣትን ይደግፋሉ፣ ግማሾቹ ይቃወማሉ። ሁሉም ሁለት ጥናቶች እንዲያነቡ ተደረገ፤ አንዱ ቅጣቱ ወንጀልን ይቀንሳል ሲል ሌላው አይቀንስም ይላል። እያንዳንዱ ወገን ለእርሱ የሚያደላውን ጥናት አመስግኖ በሌላው ላይ እንከን ለቀመ። መጨረሻ ላይ ተማሪዎቹ በነበራቸው አቋም ይበልጥ እንደጸኑ ተናገሩ። ያነበቡት አንድ ዓይነት ማስረጃ ነው፤ ልዩነታቸው ግን ሰፋ።

በ2010 ተመራማሪዎቹ ብሬንዳን ናይሃንና ጄሰን ራይፍለር ከዚህም የባሰ ነገር አሳተሙ። ኢራቅ ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ እንዳልተገኘባት የሚገልጽ ማረሚያ ያነበቡ አንዳንድ ወግ አጥባቂ አሜሪካውያን መሣሪያው ነበረ የሚለውን እምነታቸውን አጠነከሩ። «ማረም ያባብሳል» የሚለው አባባል ከዚያ በኋላ በየመድረኩ እንደ ሕግ ይጠቀስ ጀመር። ቶማስ ውድና ኢታን ፖርተር ግን በ52 ርዕሰ ጉዳዮች ላይ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎችን ፈትነው በ2019 ባሳተሙት ሥራ ይህ መባባስ ከሞላ ጎደል አልታየም። አብዛኛው ሰው፣ የፖለቲካ ወገኑን የሚነካ ጉዳይ ቢሆንም፣ የቀረበለትን እርማት በመጠኑም ቢሆን ተቀበለ።

እንግዲያው ለውጥ የሚያመጣው እርማቱ የሚቀርብበት መንገድ ይሆን? በ2024 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አንድ ፍንጭ ሰጥቷል። 2,190 አሜሪካውያን የሚያምኑትን የሤራ ትንታኔና ለምን እንደሚያምኑት በራሳቸው ቃል ጻፉ። ከዚያም ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር ተነጋገሩ፤ እርሱም ያቀረቡትን ምክንያት አንድ በአንድ እያነሣ በማስረጃ መለሰላቸው። እምነታቸው በአማካይ 20 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ ከሁለት ወር በኋላም ውጤቱ አልጠፋም። ለሁሉም የሚታደል አንድ ማስተባበያ የአንዱን ሰው ምክንያት ላይነካው ይችላል።

የቤተ መጻሕፍት ሰዎች የእያንዳንዱን ሰው ምክንያት እየጠየቁ የመመለስን አሠራር ቀድመው ያውቁታል። የቤተ መጻሕፍት ጥናት ምሁሩ ሮበርት ቴይለር በ1968 እንደጻፈው ወደ መረጃ ዴስክ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀውና በእርግጥ የሚፈልገው ብዙ ጊዜ ይለያያሉ፤ ባለሙያው መልስ ከመስጠቱ በፊት ጠያቂውን መልሶ ይጠይቃል። የምሽት ውይይትም ከንግግር የሚሻለው «ይህን ከማን ሰማህ? ምን አሳመነህ?» ለማለት ጊዜ ስላለው ነው።

ማጣራቱም ቢሆን የሚለመድ ሙያ ነው። ተመራማሪዎቹ ሳም ዋይንበርግና ሳራ ማክግሩ 10 የታሪክ ምሁራንን፣ 25 የስታንፎርድ ተማሪዎችንና 10 የመረጃ አጣሪ ባለሙያዎችን ድረ ገጽ እንዲመዝኑ አደረጉ። ምሁራኑና ተማሪዎቹ በገጹ ውበትና ገጹን ባወጣው ድርጅት ስም ብዙ ጊዜ ተታለሉ። አጣሪዎቹ ግን ገጹ ላይ ሳይቆዩ ሌሎች መስኮቶችን ከፍተው ስለ ድርጅቱ ሌላው ምን እንደሚል ፈለጉ፤ ባነሰ ጊዜም የተሻለ ፍርድ ሰጡ።

ኢትዮጵያ ለዚሁ ችግር በ2012 ዓ.ም. በሕግ መልስ ሰጥታለች። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185 ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨን እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም እስከ 50 ሺህ ብር ይቀጣል፤ ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተላለፈ ቅጣቱ ይከብዳል። አዋጁ የሚደርሰው ግን አሰራጩ ላይ ነው። በቤተሰብ የቴሌግራም ቡድን የደረሳቸውን በቅንነት ያመኑ እናትን የሚያነጋግር ሰው ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት።

ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርም ሆነ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለእንዲህ ያለ ምሽት አዳራሽ አያጡም። የሚያስቸግረው ታዳሚው ነው። ወደ ቤተ መጻሕፍት ውይይት በፈቃዱ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለመጠራጠር የተዘጋጀ ነው፤ በ2024ቱ ጥናት የተሳተፉትም ለመነጋገር የፈቀዱ ናቸው። ያልፈቀደውን እንዴት ወደ ወንበሩ ማምጣት እንደሚቻል እነዚህ ጥናቶች አልመለሱም።