ከመስታወት ቃጫ የተሠራ ባሌስትራ፦ የስሌቱ ጭንቅ በንብርብሮቹ መካከል ነው

አይሱዙ የጭነት መኪና ሥር ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው ባሌስትራን ያውቀዋል፤ እንደ ደጋን ተቀስቶ፣ ተደራርቦ የታሰረ የብረት ዝርግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የአሜሪካው ሸቭሮሌት ኮርቬት በአንዳንድ ምርቶቹ ላይ የኋላውን የብረት ባሌስትራ አስወግዶ፣ በኤፖክሲ ሙጫ ከተያያዘ የመስታወት ቃጫ በተሠራ አንድ ወጥ ዝርግ ተካው። ከ18 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝን የነበረው አካል 4 ኪሎ ግራም እንኳ ወደማይሞላ ክብደት ወረደ። መስታወት ይህን ሥራ እንዴት ቻለው?

የባሌስትራ ተግባር የመንገዱን ምት ተቀብሎ ጉልበቱን ማቆየትና መልሶ መልቀቅ ነው። ቁሱ የሚያቆየው ጉልበት ከሚሸከመው ውጥረት ካሬ ጋር ያድጋል፤ በግትርነቱ ልክ ደግሞ ይቀንሳል። የብረት ግትርነት 200 ጊጋፓስካል ገደማ ሲሆን፣ የመስታወት ቃጫው ውህድ በቃጫው አቅጣጫ 40 ያህል ብቻ ነው። ለድልድይ ጉድለት የሚሆነው ይህ ልስላሴ ለባሌስትራ ጸጋ ነው።

በምሳሌ እንየው። ከመሐል እስከ ጫፍ 500 ሚሊ ሜትር የሚረዝም፣ 60 ሚሊ ሜትር የሚሰፋና 20 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ባሌስትራ በእያንዳንዱ ጫፉ 2500 ኒውተን ይረፍበት። ከፍተኛው ውጥረት የጭነቱና የርዝመቱ ብዜት ስድስት እጥፍ፣ ለስፋቱና ለውፍረቱ ካሬ ብዜት ሲካፈል ነው፤ ውጤቱ 312 ሜጋፓስካል ይሆናል። ይህ ቁሱ በአንድ ጊዜ ጭነት ከሚሰበርበት መጠን አንድ ሦስተኛ ያህል ነው፤ ጭነቱ በሚሊዮን ጊዜ ስለሚመላለስ ይህን ያህል ርቀት መጠበቅ ያስፈልጋል። ጫፉም 65 ሚሊ ሜትር ይተጣጠፋል። እስከ 700 ሜጋፓስካል የሚፈቀድለት ብረት ይህንኑ ጭነት ተሸክሞ በዚሁ ልክ እንዲተጣጠፍ ከተፈለገ 9 ሚሊ ሜትር የሳሳና 133 ሚሊ ሜትር የሰፋ መሆን አለበት። ያን ያህል ስፋት ከመኪናው ሥር ስለማይመች ለሁለት ተቆርጦ ይደራረባል። ክብደታቸው ሲነጻጸር ብረቱ 9.4፣ ውህዱ 2.4 ኪሎ ግራም ነው።

እስካሁን ዝርጉን ቀጥ ያለ አድርገን አሰብነው። ሙሉ ጭነት ሲያርፍበት ቀጥ እንዲል ከተፈለገ አስቀድሞ በ65 ሚሊ ሜትር መቀሰት አለበት፤ የቅስቱም ሬዲየስ 1.96 ሜትር ገደማ ይሆናል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የተቀሰተ ነገር ሲቃና ንብርብሮቹ እርስ በርስ ሊላቀቁ ይሳሳባሉ፤ በዚያ አቅጣጫ ደግሞ ቃጫ የለም፤ የሚይዛቸው ሙጫው ብቻ ነው። ቃጫው በርዝመቱ ወደ 1000 ሜጋፓስካል ሲችል፣ ከርዝመቱ ጋር ቀጥ ብሎ በሚሻገረው አቅጣጫ ግን 40 ያህሉን ብቻ ይችላል። በምሳሌያችን ይህ አላቃቂ ውጥረት 0.8 ሜጋፓስካል ነው፤ አያሰጋም። ያው ኃይል 50 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ ባለው መታጠፊያ ላይ ቢያርፍ ግን ወደ 31 ያሻቅባል። ብረት ለሚያሰላ መሐንዲስ ይህ ቁጥር ከቁብ የሚገባ አይደለም፤ ውህዱን ግን ሊገነጥለው ይችላል።

በብረት ባሌስትራ ጫፍ ላይ ቦኮላ የሚገባበት ቀለበት የሚሠራው ዝርጉን ጠቅልሎ ነው። በውህዱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው የተሠራ ብረት ይገጠማል። መሐሉንም በመብሳት ፈንታ ከላይና ከታች ጨምቆ ማሰር ይመረጣል፤ ቀዳዳ ቃጫውን ይቆርጣልና።

በምሳሌያችን ውፍረቱን ከዳር እስከ ዳር እኩል ያደረግነው ለስሌት እንዲቀለን ነው። እንዲህ ያለው ዝርግ ጫፉ አካባቢ ያለ ሥራ የሚቀመጥ ቁስ ይበዛዋል። የተሻለው ቅርጽ ወደ ጫፉ እየሳሳ በዚያው ልክ እየሰፋ ይሄዳል፤ የስፋቱና የውፍረቱ ብዜት ስለማይለወጥ አንድም ቃጫ ሳይቆረጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዘልቃል።