ሞተሩ አልነሳ ሲል፡ ቁልፍ ከማንሳታችን በፊት

እኛ የአውቶሞቲቭ ተማሪዎች አንድ ክፉ አመል አለብን። የቆመ ሞተር ስናይ እጃችን ቶሎ ወደ ቁልፍ ይሄዳል። እኔንም ይኸው አመል ባለፈው ጥር፣ በሴሚስተር ዕረፍት፣ አንድ ሙሉ ቀን አስከፍሎኛል። ይህችን አጭር ጽሑፍ ያዘጋጀሁትም ለዚሁ ነው።

አጎቴ ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ በአንድ የአሸዋ ወንዝ ዳር ሽንኩርት ያለማል። ወንዙ እንደ ደቻቱ ነው፤ በክረምት ጎርፍ ያወርዳል፣ በበጋ ደረቅ አሸዋ ይሆናል። ውሃ የሚገኘው ተቆፍሮ ነው። ችግኙ መደብ ላይ ከተተከለ ሳምንት አልሞላውም ነበር። የውሃ መሳቢያው በገመድ የሚነሳ የቆየ ፎር ስትሮክ የቤንዚን ሞተር ነው፤ እኔ ስደርስ እንቢ ካለ ሁለት ቀን ሆኖታል።

«አቦ፣ ኮሌጅ የገባኸው ለዚህ ቀን አይደል እንዴ!» አለኝ።

እኔም ምንም ሳልጠይቅ ካርቡሬተሩን ፈታሁ። አጠብኩ፣ ነፋሁ፣ መልሼ ገጠምኩ። መሸ። ሞተሩ ግን ወይ ፍንክች!

ማታ ክፍል ውስጥ የተማርነውን አሰብኩ። ቤንዚን ሞተር ለመነሳት አራት ነገር ይፈልጋል። ሲመረመርም ከቀላሉ ወደ ከባዱ ነው፦

1. ቤንዚን፦ መክፈቻው ተከፍቷል? ቤንዚኑ ወራት የቆየ ከሆነ እየተነነ ሙጫ ይተዋል፤ የካርቡሬተሩን ቀጭን ቀዳዳ ይደፍናል።

2. አየር፦ ማጣሪያው በአቧራ ከታፈነ ሞተሩ ቤንዚን ይበዛበታል። ካንዴላውም በጥላሸት ይጠቁራል።

3. እሳት፦ ካንዴላውን ፈትቶ ከገመዱ ጋር እንደተያያዘ የብረት ክፍሉን ከሞተሩ አካል ጋር ማስነካት፣ ከዚያ ማስነሻውን መሳብ። ካንዴላው በላስቲክ እጀታ ፒንሳ ይያዝ፤ ከቤንዚንና ከካንዴላው ቀዳዳም ይራቅ። የጫፉ ክፍተት በአብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ነው።

4. ኮምፕሬሽን፦ ገመዱ ሲሳብ ምንም ካልከበደ ቫልቭ ወይም የፒስተን ሪንግ ያጠራጥራል። መፍታት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

በማግስቱ ካንዴላውን ሳወጣው በቤንዚን ርሷል። ቤንዚን ይደርሳል ማለት ነው፤ ካርቡሬተሩን በከንቱ ነበር የፈታሁት። እሳት ግን የለም። አዲስ ካንዴላ ብቀይርም ያው ነው። ያኔ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅሁ፦ «ከመቆሙ በፊት ምን ቀየርክ?»

«ምንም። ውሃው ስለሸሸ ወደ ታች አወረድኩት እንጂ።»

ማውረዱስ ልክ ነበር። እንዲህ ያለ ፓምፕ ውሃ የሚስበው በአየር ግፊት ነው፤ በተግባር ከ6 እስከ 7 ሜትር ካለፈ ይቸገራል። ችግሩ ሞተሩ ተዳፋት ላይ አጋድሎ መቀመጡ ነው። ብዙ ትንንሽ ፎር ስትሮክ ሞተሮች የዘይት መጠን ጠባቂ አላቸው። ዘይቱ ካነሰ፣ ወይም ሞተሩ አጋድሎ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ከሸሸ፣ ሞተሩ እንዳይቃጠል እሳቱን ያቋርጣል። ድንጋይ ደልድለን አስተካከልነው፤ ዘይቱን ሳየው ጎድሏል፣ ሞላሁ። ካንዴላውን አድርቄ መለስኩ። በሦስተኛው ስበት ተነሳ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ውሃ ሸሸ ብሎ ሞተርን ጉድጓድ ውስጥ ማውረድ ፈጽሞ አይገባም። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሰው ይገድላል።

ይህ ሥርዓት በጣና ወይም በዝዋይ ሐይቅ ላለ የጀልባ ሞተርም ይሠራል። የቆዩት በአብዛኛው ቱ ስትሮክ ስለሆኑ ዘይታቸው ከቤንዚኑ ጋር ይቀላቀላል፤ ለብዙዎቹ 1 ሊትር ዘይት ለ50 ሊትር ቤንዚን ነው። በእነሱ ላይ እሳት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚታየው ነጂው ላይ የሚታሰረው የማጥፊያ ገመድ ነው፤ ከቦታው ከወጣ ሞተሩ አይነሳም።

ውሃው ሲመጣ ዳር ያለው መደብ ደርቆ ነበር፤ የቀረው ተርፏል። አጎቴ ምንም አላለኝም። እኔ ግን ያ መደብ ካርቡሬተር ስፈታ በዋልኩበት ቀን እንደሄደ አውቃለሁ። አሁን የቆመ ሞተር ሳይ መጀመሪያ ባለቤቱን እጠይቃለሁ።