ስለ ተደራቢ ምስል ጥበብና ወደ ሕዝብ ስለ ገባበት መንገድ

ማናቸውም አዲስ መሣሪያ በተሠራ ጊዜ አስቀድመው የሚያደንቁት የጥበቡ ዐዋቂዎች ናቸው፤ ከዚያም ባለጸጎች ይገዙታል፤ ወደ ሕዝቡ ግን ሁሉም አይደርስም። መሣሪያን ከአድናቆት ወደ ጥቅም የሚያሻግረው ምን እንደ ሆነ ማወቅ፥ ሕዝብ ለሚያስተዳድርና በመንግሥት ገንዘብ ዕቃ ለሚያስገዛ ሹም እጅግ ያስፈልጋል። ለዚህም ምሳሌ ይሆን ዘንድ፥ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ኦግመንትድ ሪያሊቲ የተባለው፥ በአማርኛም ተደራቢ ምስል ቢባል የሚስማማው ጥበብ፥ ከየት ተነሥቶ በምን በር ወደ ሕዝብ እንደ ገባ ከዚህ ቀጥሎ ይገለጻል። በዚህ ጽሕፈት የሚጠሩት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የጥበቡ ትርጓሜ

ተደራቢ ምስል ማለት ሰው በዓይኑ በሚያየው በእውነተኛው ነገር ላይ፥ ኮምፒዩተር የሠራውን ሥዕል ወይም ጽሕፈት ወይም ምልክት ደርቦ ማሳየት ነው። የሚታየው ነገር በስፍራው እንዳለ ይኖራል፤ ጭማሪው ብቻ ከላዩ ይታያል። ድጓ የተማረ ሰው ይህን ለማስተዋል አይቸገርም። በድጓው ውስጥ ቃሉ በትልቁ ተጽፎ ሳለ፥ ከቃሉ በላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ምልክት ዜማው እንዴት እንደሚሄድ ለባለ ዜማው ያስታውቀዋል፤ ቃሉን ግን አይለውጠውም። ተደራቢ ምስልም ለሚታየው ነገር እንዲሁ ነው፤ መንገዱን ሳይለውጥ አቅጣጫውን፥ ተክሉን ሳይነካ የተክሉን ስም ከላዩ ይጽፋል።

ከዚህ ጋራ የሚመሳሰል ቨርቿል ሪያሊቲ የተባለ ሌላ ጥበብ አለ፤ ነገር ግን ሁለቱን አንድ ማድረግ አይገባም። ያኛው ዓይንን ፈጽሞ ሸፍኖ፥ ሰው በሌለበት አገር ያለ እስኪመስለው ድረስ በሙሉ የተፈጠረ ትርኢት ያሳያል። ይኸኛው ግን ሰውየው የቆመበትን ስፍራ አይሰውርበትም፤ ስለዚህም በሥራና በመንገድ ላይ ሳለ ሊጠቀምበት ይችላል።

አሠራሩ

የመሬት ቀያሽ በአንድ ስፍራ ቆሞ ዛፍን ወይም የኮረብታን ጫፍ ካነጣጠረ በኋላ፥ ርቀቱ ወደ ተለካ ወደ ሌላ ስፍራ ሄዶ ያንኑ እንደ ገና ያነጣጥራል፤ ከተገኙትም ማዕዘኖች ዛፉ ምን ያህል እንደሚርቅ በሒሳብ ያውቃል። በእጅ ስልክ ውስጥ ያለው ኮምፒዩተር የሚሠራው ይህን በሚመስል ሒሳብ ነው። ካሜራው ካነሣው ሥዕል ውስጥ ተለይተው የሚታወቁ ነጥቦችን፥ ለምሳሌ የጠረጴዛ ማዕዘን ወይም የድንጋይ ጠርዝ፥ ይመርጣል፤ ሰውየው ስልኩን ባንቀሳቀሰ ቍጥር እነዚያ ነጥቦች ወዴት እንደ ተዛወሩ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይመለከታል። ደግሞም በስልኩ ውስጥ የስልኩን መዞርና የፍጥነቱን መለዋወጥ የሚለኩ ደቃቅ መለኪያዎች አሉ። ሁለቱ በአንድነት ሲሰሉ ስልኩ ያለበት ስፍራና የሚመለከትበት አቅጣጫ ይታወቃል፤ የተደረበውም ሥዕል በቦታው ጸንቶ የቆመ ይመስላል።

ብርሃን ባነሰበት ጊዜ፥ ወይም ምንም ምልክት በሌለበት በነጭ ግድግዳ ፊት፥ መሣሪያው የሚይዘውን ነጥብ ስለሚያጣ ሥዕሉ ከስፍራው ይንሸራተታል። ይህ ጥበብ በጎተራ ጨለማና በመስኩ ብርሃን እኩል የማይሠራበት ምክንያቱ ይህ ነው።

ከሊቃውንት ክፍል ሳይወጣ የቈየበት ዘመን

በ1968 ኢቫን ሰዘርላንድ የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ በራስ ላይ የሚደረግ መመልከቻ አሠርተው አሳዩ። መመልከቻውን ያደረገ ሰው የቆመበትን ክፍልም፥ በክፍሉ ውስጥ የተንጠለጠለ የሚመስለውን በመስመር የተሣለ ሥዕልም ባንድነት ያይ ነበር። ነገር ግን መሣሪያው ከጣራው ጋራ በብረት የተያያዘ ስለ ነበረ፥ የሚመለከተው ሰው ከዚያች ክፍል ሊርቅ አይችልም ነበር።

ከዚህ በኋላ በ1990 ገደማ ቦይንግ በተባለው የአውሮፕላን ፋብሪካ፥ ቶማስ ኮዴልና ባልደረባቸው ዴቪድ ሚዜል ይህን ጥበብ ለሠራተኞች ለማዋል አሰቡ። አውሮፕላን የሚሠሩ ሰዎች ብዙውን የኤሌክትሪክ ሽቦ በየስፍራው ለመዘርጋት ትልልቅ ሰሌዳዎችና ብዙ የወረቀት መመሪያዎች ያስፈልጓቸው ነበር፤ መመሪያው በሠራተኛው ዓይን ፊት በሰሌዳው ላይ ተደርቦ ቢታይ ግን ድካሙ እንደሚቀል ተመለከቱ። ኦግመንትድ ሪያሊቲ የሚለው ስም የወጣውም ከዚሁ ሥራ ነው። ጥበቡ ግን ገና የፋብሪካና የምርመራ ቤት ገንዘብ ነበረ።

የመጀመሪያው በር፥ ማንም ምንም ሳይገዛ

ወደ ብዙ ሕዝብ በደረሰ ጊዜ የገባው ማንም ባልጠበቀው በር ነው። በ1998 በአሜሪካ የእግር ኳስ ጨዋታ በቴሌቪዥን ሲታይ፥ ቡድኑ ሊደርስበት የሚገባው ወሰን በሣሩ ላይ የተቀባ የሚመስል ቢጫ መስመር ሆኖ መታየት ጀመረ። በሜዳው የቆመ ተመልካች መስመሩን አያየውም፤ በቤቱ የተቀመጠው ግን ተጫዋቾቹ በላዩ ሲራመዱበት ያያል። ለዚህ ነገር ተመልካቹ አንዳች መሣሪያ አልገዛም፤ አዲስ ትምህርትም አልተማረም፤ የጥበቡንም ስም መስማት አላስፈለገውም። አስቀድሞ ያስቸግረው የነበረው አንድ ጥያቄ፥ ኳሱ ወሰኑን አለፈ ወይስ አላለፈም የሚለው፥ በግልጽ ተመለሰለት፤ ስለዚህ ወደደው።

በመነጽር ለመግባት የተደረገው ሙከራ

በ2012 ጉግል የተባለው ኩባንያ በዓይን ጥግ ትንሽ መስተዋት ያለበት መነጽር መሥራቱን አስታወቀ፤ በ2013ም ለተመረጡ ሰዎች በ1500 ዶላር ይሸጥ ጀመር። ብዙ ሰው ወሬውን ሰምቶ ተደነቀ፤ ነገር ግን በጥር 2015 ለሕዝብ የሚደረገው ሽያጭ ተቋረጠ።

የውድቀቱ ምክንያቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ዋጋው ነው። ሁለተኛው፥ በመነጽሩ ላይ ካሜራ ስላለበት፥ ፊት ለፊት የቆመው ሰው ሥዕሉ ይነሣ እንደ ሆነ ወይም አይነሣ እንደ ሆነ በቀላሉ ለማወቅ አልቻለም፤ ስለዚህ አንዳንድ የምግብና የመጠጥ ቤቶች መነጽሩን አድርጎ የሚገባውን ሰው ከለከሉ። ሦስተኛውና ዋናው ግን፥ መነጽሩ ከኪሱ ስልክ ላለው ሰው ስልኩ የማይሠራለትን ምን ሥራ እንደሚሠራለት ገዢው አላወቀም።

የዚያው መነጽር ሌላ ታሪክ ግን ይህን ያስረዳል። አግኮ የተባለው የእርሻ መኪና የሚሠራ ኩባንያ በአሜሪካ በሚኒሶታ ባለው ፋብሪካው ትራክተር ለሚገጣጥሙ ሠራተኞች መነጽሩን ሰጠ። እነዚህ ሰዎች ሁለት እጃቸው በሥራ የተያዘ ስለ ሆነ፥ መመሪያውን ለማንበብ ሥራቸውን ትተው መሄድ ያስፈልጋቸው ነበር፤ መመሪያው በዓይናቸው ፊት በታየ ጊዜ ጥቅሙን ወዲያው አገኙት። በገበያ የተናቀው ዕቃ ችግሩ ባለበት ስፍራ ተፈለገ። ይህም የሥራ መነጽር እስከ 2023 ድረስ ከተሸጠ በኋላ ቀረ።

በእጅ ባለው ስልክ መግባቱ

ሰፊው በር የተከፈተው ሕዝቡ ስለ ሌላ ጉዳይ በገዛው በእጅ ስልክ ነው። በ2015 ስናፕቻት የተባለው የመልእክት መላላኪያ ሰዎች በገዛ ፊታቸው ሥዕል ላይ ቀልድ የሚሆን ምስል እንዲደርቡ አደረገ። በሐምሌ 2016 ፖኬሞን ጎ የተባለው ጨዋታ ወጣ፤ ተጫዋቹ በከተማው ሲዘዋወር በመንገድ ላይ የቆሙ የሚመስሉ ፍጥረቶችን በስልኩ እያየ ይይዛል። በጥቂት ወራት ውስጥ ጨዋታው ከ500 ሚሊዮን ጊዜ በላይ በስልኮች ላይ ተጫነ። ከዚህ ውስጥ ግን ሊስተዋል የሚገባው ነገር አለ። ብዙዎቹ ተጫዋቾች የስልኩን ባትሪ ለመቈጠብና ለመያዝ እንዲቀላቸው የተደረበውን ምስል ያጠፉት ነበር። ሕዝቡን የሳበው ከወዳጆቹ ጋራ ከቤት ወጥቶ በሚያውቀው መንገድ ላይ መፈለጉ ነበር፤ ተደራቢው ምስል ከዚያ ጋራ ተያይዞ ገባ።

በ2017 አፕልና ጉግል የጥበቡን ሒሳብ ለፕሮግራም ሠሪዎች ሁሉ አዘጋጅተው ሰጡ። በዚያው ዓመት አይኪያ የተባለው የቤት ዕቃ ነጋዴ፥ ገዢው ወንበሩን ከመግዛቱ በፊት በገዛ ክፍሉ ውስጥ በልኩ ቆሞ እንዲያየው አደረገ። እንደዚሁም በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈ ማስታወቂያ ያጋጠመው መንገደኛ፥ ስልኩን ወደ ጽሕፈቱ ቢያቀና ትርጕሙ በዚያው በጽሕፈቱ ስፍራ ተደርቦ ይታየዋል።

ያመጣው ችግር

የ2016ቱ ጨዋታ በወጣ ጊዜ ዓይናቸውን ከስልኩ ያላነሡ ሰዎች በመንገድ ላይ አደጋ ደረሰባቸው። በዋሽንግተን ያለው የአይሁድ እልቂት መታሰቢያ ሙዚየምና በአርሊንግተን ያለው የወታደሮች መቃብር፥ ሰዎች በዚያ ስፍራ እንዳይጫወቱ ለመለመን ተገደዱ። የስፍራው ባለቤት ሳይጠየቅ በስፍራው ላይ ምስል መደረቡ አዲስ ክርክር አመጣ። ከዚህም በቀር መሣሪያው ሥራውን ለመሥራት ቤቱንና ጓዳውን ሁሉ በካሜራ መመልከት ግድ ስለሚሆንበት፥ የተመለከተው ነገር ወዴት እንደሚሄድና በማን እጅ እንደሚቀመጥ ሊጠየቅ ይገባል።

የዋጋውም ችግር ገና አልተወገደም። ማይክሮሶፍት በ2019 በ3500 ዶላር ያወጣውን ሆሎሌንስ 2 የተባለውን መመልከቻ በ2024 መሥራቱን አቆመ። አፕል በ2024 ያወጣው መመልከቻ በወጣ ጊዜ ዋጋው 3499 ዶላር ነበረ፤ ክብደቱም ከግማሽ ኪሎ ይበልጥ ነበር። ሜታ ግን በ2025 መስተዋቱ ውስጥ ጽሕፈት የሚያሳይ ተራ መነጽር የመሰለ ዕቃ በ799 ዶላር አወጣ። ዋጋው እየቀነሰ፥ ቅርጹም ሰው ሊያደርገው ወደለመደው እየቀረበ መሄዱ ከዚህ ይታያል።

ለእርሻ ያለው ጥቅም

የዚህ ጥበብ የቅርብ ዘመድ የሆነው ኑሩ የተባለው ፕሮግራም በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተሠራ። ገበሬው ስልኩን በካሳቫ ወይም በበቆሎ ቅጠል ፊት ሲይዝ፥ ፕሮግራሙ የታመመውን ወይም በተባይ የተበላውን ስፍራ በሥዕሉ ላይ ለይቶ ያሳየዋል። የኢንተርኔት መስመር በሌለበት እርሻ ውስጥም ይሠራል። በ2018 ከዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ጋራ ሆኖ መጤ ተምችን እንዲለይ ተዘጋጀ፤ ይህ ተምች በ2017 ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በቆሎ ያጠፋው ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ ሊሳሳት ስለሚችል፥ መድኀኒት ከመረጨቱ በፊት የእርሻ ባለሙያ ማሳውን አይቶ ማረጋገጥ አለበት።

በኢትዮጵያም በ2014 የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ያቆመው የ8028 የስልክ መስመር መልካም ምስክር ነው። ገበሬው ካሜራ በሌለው ተራ ስልክ ያለ ክፍያ ደውሎ ስለ አዘራርና ስለ ማዳበሪያ በቋንቋው ምክር ስለሚሰማ፥ መስመሩ ሚሊዮን ጥሪዎችን ተቀበለ። ሥዕል የለውም፤ ነገር ግን በገበሬው እጅ ባለው ዕቃ ገባ።

አንድ ሹም ሊመረምረው የሚገባው

ነጋዴ ወይም የውጭ አገር መልእክተኛ እንዲህ ያለውን መሣሪያ ለወረዳው ወይም ለትልቅ እርሻ ሊሸጥ ባቀረበ ጊዜ፥ ውል ከመፈረሙ በፊት እነዚህን አራት ጥያቄዎች መመርመር ይገባል።

1ኛ፤ የሚጠቀምበት ሰው መሣሪያውን አስቀድሞ በእጁ ይዞታልን? ካልያዘ፥ ገንዘቡን የሚከፍለው፥ ሲሰበርም የሚያሠራው ማን ነው?

2ኛ፤ ሰውየው ራሱ ችግሬ ነው ብሎ የሚናገረውን የትኛውን ችግር ይፈታለታል? መልሱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ካልተነገረ ግዢው ይቈይ።

3ኛ፤ መብራት በጠፋ ጊዜ፥ መስመርም በሌለበት ቀበሌ ይሠራልን? ጽሕፈቱስ ገበሬው በሚያነበው ቋንቋ ነውን? ማንበብ ለማይችለውስ በድምፅ ይናገራልን?

4ኛ፤ ካሜራው የሚያየው የሰው ቤት፥ የሰው ፊትና የሰው ማሳ በማን እጅ ይቀመጣል? ባለቤቱስ ፈቅዷልን?

ለሙከራም ቢሆን መሣሪያውን አስቀድሞ በአንድ ቀበሌ ለጥቂት ገበሬዎች ሰጥቶ፥ አንድ የመኸር ወራት ካለፈ በኋላ ሳይታዘዙ በገዛ ፈቃዳቸው ይጠቀሙበት እንደ ሆነ ማየት ይሻላል። ሰጪው ከሄደ በኋላም ገበሬው ስልኩን አውጥቶ ቅጠሉን የሚመረምርበት ከሆነ፥ ለቀሩት ቀበሌዎች ገንዘብ መመደብ ይገባል፤ በሣጥን ተቈልፎ የተገኘ እንደ ሆነ ግን ገንዘቡን ለምርጥ ዘርና ለእርሻ ባለሙያ ደመወዝ ማዋል ለሕዝቡ ይጠቅማል።