የመለዋወጫ ዕቃ ወጪ እንዴት ይሰላል? ነባሩና ተግባር ተኮሩ ዘዴ

በፋብሪካ የተሠራ ዕቃ ወጪ ከሦስት ነገሮች ይመነጫል፦ ከጥሬ ዕቃው፣ ዕቃውን ከሠራው ሰው ደመወዝና ከቀሪው ሁሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙም አያስቸግሩም። ብረቱ ከመጋዘን ሲወጣ ተመዝኖ ይፈረምበታል፤ የቶርኖ ሠራተኛውም ሰዓት በሥራ ትእዛዙ ላይ ይሰፍራል። አስቸጋሪው ቀሪው ነው፦ የመብራት ክፍያ፣ የማሽን እርጅና፣ የዲዛይነሩ፣ የጥራት ተቆጣጣሪው፣ የንብረት ክፍሉና የጥገና ባለሙያው ደመወዝ። የሂሳብ ሰዎች ኦቨርሄድ ወይም ቀጥተኛ ያልሆነ ወጪ ይሉታል። የትኛው ዕቃ እንዳስወጣው አይጻፍበትም፤ ሆኖም በዕቃዎቹ ዋጋ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ነባሩ የወጪ አሰላልና ተግባር ተኮር የሚባለው የሚለያዩት ይህን ወጪ በሚያከፋፍሉበት መንገድ ነው።

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ የሚገኘው አቃቂ ቃሊቲ ከጨርቃ ጨርቅና ከብረታ ብረት ፋብሪካዎች እስከ ቂሊንጦ የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርክ ድረስ ብዙ ዓይነት ምርት ይወጣበታል። ከእነዚህ ሁሉ የኦቨርሄድ ጥያቄ ጎልቶ የሚታየው በመለዋወጫ ሥራ ላይ ነው። የአቃቂ መለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ፣ በኋላም በ2002 ዓ.ም. በተቋቋመው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ሥር አቃቂ ቤዚክ ሜታልስ ኢንዱስትሪ የተባለው፣ ማቅለጫን፣ መቀጥቀጫንና የማሽን ሥራን በአንድ ግቢ ያጣመረ ነው። የእንዲህ ዓይነት ፋብሪካ ደንበኞች የስኳር፣ የሲሚንቶና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ናቸው። አንዱ በሺዎች የሚቆጠር ተመሳሳይ ዕቃ ሲያዝ፣ ሌላው አንድ የተሰበረ ጊር ይዞ ይመጣና «ይህንኑ ሥሩልኝ» ይላል። የሁለቱ ትእዛዞች ጣጣ እጅግ የተራራቀ ነው።

ነባሩ ዘዴ የዓመቱን ወይም የወሩን ኦቨርሄድ ጠቅላላ ይደምርና ለአንድ መለኪያ ያካፍለዋል። መለኪያው አብዛኛውን ጊዜ የሠራተኛ ሰዓት፣ አንዳንዴ የማሽን ሰዓት ነው። ለማሳያ ያህል፣ የየትኛውም ፋብሪካ መዝገብ ሳይሆን፣ የወር ኦቨርሄዱ 2,400,000 ብር የሆነ የማሽን ክፍል ይታሰብ። በወሩ 20,000 አንድ ዓይነት ቡሺንግ (ዘንግ የሚዞርበት ቀለበት) እና በ20 የተለያዩ ዲዛይኖች 100 ጊሮች ተሠርተዋል። ቡሺንጎቹ 9,000፣ ጊሮቹ 1,000 የሠራተኛ ሰዓት ወስደዋል። በሰዓት የሚደርሰው 240 ብር ስለሆነ፣ አንዱ ቡሺንግ 108 ብር፣ አንዱ ጊር ደግሞ 2,400 ብር ኦቨርሄድ ይሸከማል።

ተግባር ተኮሩ ዘዴ ከማካፈሉ በፊት ገንዘቡ በምን ሥራ ላይ እንደወጣ ይጠይቃል። ከ2,400,000 ብሩ ውስጥ 1,200,000 ማሽኑ ሲሠራ የሚፈጀው ነው እንበል፤ ለ10,000 የማሽን ሰዓት በሰዓት 120 ብር ይደርሳል። ቡሺንጉ 8,000፣ ጊሩ 2,000 ሰዓት ወስዷል። ማሽን ፈትቶ ለአዲስ ሥራ ለማዘጋጀት 480,000 ብር ወጥቷል፤ ከ60 ዝግጅቶች 10 ብቻ ለቡሺንግ ሲሆኑ 50ዎቹ ለጊር ናቸው። ለዲዛይንና ለፓተርን (ለማቅለጫ ሻጋታ የሚሆን ሞዴል) 420,000 ብር ወጥቷል፤ ከ21 ዲዛይኖች አንዱ ብቻ የቡሺንግ ነው። ለጥራት ምርመራ የወጣው 300,000 ብር ከ150 ምርመራዎች 50 ለቡሺንግ፣ 100 ለጊር ሆኖ ይደርሳል። ሲደመር ቡሺንጎቹ 1,160,000፣ ጊሮቹ 1,240,000 ብር ይወስዳሉ። የአንዱ ቡሺንግ ኦቨርሄድ ከ108 ወደ 58 ብር ይወርዳል፤ የአንዱ ጊር ከ2,400 ወደ 12,400 ብር ይወጣል።

ጠቅላላው ወጪ አንድ ብር እንኳ አልተለወጠም። ነባሩ ስሌት ግን ቀላሉን ዕቃ የአስቸጋሪው ዕዳ ከፋይ አድርጎት ነበር። በዚያ ስሌት ዋጋ የሚያወጣ ፋብሪካ ቡሺንጉን አስወድዶ ጨረታ ይሸነፋል፤ ጊሩን አርክሶ ያሸንፋል፤ ትእዛዙ እየበዛ ሲሄድም ኪሳራው ከየት እንደመጣ አይታወቅም።

በአሜሪካ የጆን ዲር ኩባንያ የመለዋወጫ ክፍል የገጠመው ይኸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በብዛት የሚሠራቸውን ዕቃዎች ለውጭ ተጫራቾች እየለቀቀ ጥቂት ጥቂት የሚታዘዙትን ያሸንፍ ነበር። የሃርቫርድ መምህራን ሮቢን ኩፐርና ሮበርት ካፕላን ተግባር ተኮሩን ዘዴ በሰፊው ያስተዋወቁት ከእንዲህ ዓይነት ፋብሪካዎች ልምድ ተነሥተው በዚያው አሥርት ዓመት መጨረሻ ነው። የሠራተኛ ሰዓት መለኪያ የሆነው የሰው ጉልበት ትልቁ ወጪ በነበረበት ዘመን ነበር፤ ማሽኑ እየከበደ ሲመጣ መለኪያው ለወጪው አልመጠነም።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ይብሳል። ማሽኑ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ደመወዙ ግን ዝቅተኛ ነው። ከላይ ባለው ማሳያ የሰዓት ደመወዝ 40 ብር ቢሆን፣ በእያንዳንዱ የደመወዝ ብር ላይ 6 ብር ኦቨርሄድ ይጫናል። የሥራ ትእዛዝ ላይ አንድ ሰዓት በስህተት ቢሞላ 240 ብር ወጪውን ባላስከተለው ዕቃ ላይ ያርፋል። የግዢ ሥራም እንዲሁ ነው፦ ለአንድ ጊር የሚሆን ልዩ ብረት ከውጭ ለማስመጣት የባንክ ፈቃድ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮንና የትራንዚተር ምልልስ ያስፈልጋል። ለትልቅ ጭነት የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። በሰዓት የሚያካፍል ስሌት ይህን ልፋት ፈጽሞ አያየውም።

ይህ ማለት ነባሩ ዘዴ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ዱቄት ብቻ ለሚፈጭ፣ ወይም አንድ ዓይነት ቆርቆሮ ቀኑን ሙሉ ለሚያወጣ ፋብሪካ አንድ መለኪያ ይበቃል፤ ውጤቱም ከተግባር ተኮሩ እምብዛም አይርቅም። ተግባር ተኮሩ ድካም አለው፦ ዝግጅት ስንቴ እንደተደረገ፣ ምርመራ ስንቴ እንደተካሄደ የሚመዘግብ ሰው ይፈልጋል። ውድ ኮምፒውተር ግን ግድ አይደለም። ብዙው መረጃ ከፈረቃ ኃላፊውና ከጥገናው መዝገብ ይገኛል፤ ሂሳብ ክፍሉ ከቢሮው ወጥቶ ወደ ማሽኑ ቤት መሄዱ ነው ዋናው።

አንድ ወጪ ግን በሁለቱም ዘዴ ከዕቃው ላይ መጫን የለበትም። መብራት ሲጠፋ፣ ጥሬ ዕቃ በምንዛሪ እጥረት ሲዘገይ ማሽኑ ቆሞ ይውላል፤ እርጅናውና ደመወዙ ግን አይቆምም። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 ኢትዮጵያ የተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃዎች፣ በተለይ የዕቃ ክምችትን የሚመለከተው ደረጃ ቁጥር 2፣ ቋሚ ኦቨርሄድ በመደበኛ የማምረት አቅም ልክ እንዲደለደልና የተረፈው በዚያው የሂሳብ ዘመን ወጪ ሆኖ እንዲመዘገብ ያዛል። ይህ ካልተደረገ ምርቱ ባነሰ ቁጥር የአንዱ ዕቃ ወጪ ያብጣል፤ ዋጋው ሲጨምር ገዢ ይሸሻል፤ ምርቱም ይበልጥ ያንሳል።

ካፕላን ከስቲቨን አንደርሰን ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 ያቀረበው የተግባር ተኮሩ ዘዴ ቀለል ያለ ስሪት፣ ጊዜን መሠረት ያደረገው፣ ይህን ሥራ የፈታ አቅም ወጪ ለመለየት ይበጃል። ሁለት ቁጥሮች ብቻ ይጠይቃል፦ የክፍሉ የደቂቃ ወጪና አንዱ ሥራ የሚወስደው ደቂቃ። ማሽን ማዘጋጀት 90 ደቂቃ ከወሰደና የክፍሉ ደቂቃ 50 ብር ካወጣ፣ ዝግጅቱ 4,500 ብር ነው። ሁሉም ሥራዎች የወሰዱት ደቂቃ ተደምሮ ከክፍሉ ጠቅላላ ደቂቃ ሲቀነስ የሚተርፈው ሥራ ፈትቶ የዋለው አቅም ነው፤ ወጪውም ለብቻው ተለይቶ ለሥራ አስኪያጁ ይቀርባል።