መጽሐፍን ለአንባቢው መንደፍ፡- ከአዋሽ እስከ ሰመራ

መጽሐፍ የጫነ ተሽከርካሪ ከአዲስ አበባ ተነስቶ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደተጓዘ አዋሽ ሰባት ኪሎ ይደርሳል። ከዚያም የአዋሽን ሸለቆ ተከትሎ በገዋኔና በሚሌ በኩል በማለፍ፣ ከአዲስ አበባ 590 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደምትገኘው የአፋር ክልል ርዕሰ ከተማ ሰመራ ያመራል። በዚህ ጉዞ ሙቀቱ እየጨመረ ይሄዳል፤ የሚሰማው ቋንቋና የሕዝቡ አኗኗርም ይለወጣል። በካርቶን ታሽጎ የሚጓዘው መጽሐፍ ግን ይህን ለውጥ ታሳቢ አድርጎ ተነድፏል ወይ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳይነሳ ይታለፋል።

የመጽሐፍ ንድፍ ሲባል በርካታ ሰዎች የሚያስቡት ሽፋኑን ነው። ይሁንና ሽፋን የሥራው አንድ ክፍል ብቻ ነው። የመጽሐፉ መጠን፣ የፊደሉ ዓይነትና ትልቀት፣ በመስመሮች መካከል የሚተወው ክፍተት፣ የገጹ ኅዳግ፣ የሥዕሎቹ አቀማመጥ፣ የወረቀቱ ዓይነትና የጥራዙ አሠራር በሙሉ የንድፍ ውሳኔዎች ናቸው። አንባቢው እነዚህን ውሳኔዎች ልብ ላይላቸው ይችላል። በትክክል ካልተወሰኑ ግን ድካማቸውን የሚሸከመው እርሱ ነው።

ይህ ጥበብ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የብራና መጻሕፍት ጸሐፊዎች ብዕር ከማንሳታቸው አስቀድሞ ብራናውን በወስፌ ወግተው መስመር ያሰምሩ ነበር። የዓምዱን ስፋትና የኅዳጉን ልክ የሚወስኑትም ከመጻፋቸው በፊት ነው። ጥቁሩን ቀለም ለጽሑፉ፣ ቀዩን ደግሞ ለርዕስና ለቅዱሳን ስም መጠቀማቸው ለአንባቢው ዓይን ምልክት ለመስጠት ነበር። የሐረር የእጅ ጽሑፎችም በቆዳ ጥራዛቸው የሚታወቁ የእስልምና ቅርሶች ናቸው። ሁለቱም ልምዶች የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው፤ ንድፍ ከሥራው መጀመሪያ የሚታሰብ እንጂ በመጨረሻ የሚጨመር ጌጥ አይደለም።

የዕለት ተዕለት ሥራው

የንድፍ ባለሙያ ቀኑን የሚጀምረው በማንበብ ነው። ረቂቁን ሳያነብ የሚነድፍ ሰው ጽሑፉ የት ላይ ትንፋሽ እንደሚፈልግ፣ የትኛው ሠንጠረዥ ከየትኛው አንቀጽ መለየት እንደሌለበት ሊያውቅ አይችልም። ቀጥሎ የናሙና ገጾች ይዘጋጃሉ። ናሙናው በኮምፒውተር መስኮት ላይ ብቻ ሳይሆን በወረቀት ታትሞ፣ በእጅ ተይዞ፣ በቀን ብርሃን መታየት ይኖርበታል።

ከዚያ በኋላ ያለው አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው ትዕግሥት በሚጠይቁ ጥቃቅን ተግባራት ነው። ለምሳሌ ከልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች የሚመጡ ረቂቆች በቀድሞዎቹ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራሞች የተጻፉ ከሆኑ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈቱ ትርጉም ወደሌላቸው ምልክቶች ይለወጣሉ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ ደረጃ ውስጥ ቢካተትም በአሮጌ ፋይሎች ምክንያት ችግሩ ወዲያውኑ አልጠፋም። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ወደ ንባብ መመለስ ብቻውን ቀናትን ሊወስድ ይችላል።

የሒሳብ ሥራም አለበት። አንድ ትልቅ ወረቀት ታትሞና ታጥፎ 16 ገጽ የሚሰጥ ቢሆን 128 ገጽ ያለው መጽሐፍ በ8 እጥፋት ይጠናቀቃል። መጽሐፉ 130 ገጽ ከሆነ ግን ዘጠነኛ እጥፋት ያስፈልጋል፤ ከእርሱም 14 ገጽ ባዶ ይቀራል። በ10 ሺህ ቅጂ ሲሰላ ይህ 140 ሺህ ባዶ ገጽ ማለት ነው። ሁለቱን ትርፍ ገጾች ጽሑፉን ሳይጎዳ የሚያቀናብር ባለሙያ ለመሥሪያ ቤቱ የሚያድነው ገንዘብ ቀላል አይደለም።

አንድ ገጽ፣ ሁለት ፊደል

በአዋሽና በሰመራ ከተሞች የአማርኛና የአፋርኛ ጽሑፎች ጎን ለጎን ይታያሉ። ይህም ለመጽሐፍ ንድፍ የራሱ ጥያቄ ያመጣል። አፋርኛ ከ1971 ዓ.ም ጀምሮ በተካሄደው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማስተማሪያ ከነበሩት 15 ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን በዚያን ጊዜ የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። ዛሬ የሚጻፈው ዲሚስና ሬዶ በተባሉ የአፋር ምሁራን በተቀረጸው፣ በላቲን ላይ በተመሠረተው ‹‹ዐፋር ፌራ›› ነው።

የሁለቱ ፊደላት ጠባይ የተለያየ ነው። ‹‹ሰመራ›› የሚለው ስም በግዕዝ ፊደል 3 ሆሄያት ሲኖሩት በላቲን 6 ይሆናል። በመሆኑም በአማርኛ አንድ መስመር የሚበቃው ርዕስ በአፋርኛ ወደ ሁለተኛ መስመር ሊያልፍ ይችላል። ለአማርኛው ተለክቶ የተሠራ ሠንጠረዥም አፋርኛው ሲገባበት ይጠብባል። የግዕዝ ሆሄያት በአመዛኙ ሙሉ ቁመት ስለሚይዙ በተመሳሳይ መጠን ሲጻፉ ከላቲኑ ይልቅ ገዝፈውና ጠቁረው ይታያሉ። ይህን ሳያመዛዝኑ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ አንደኛው ቋንቋ ዋና፣ ሌላኛው ተከታይ እንዲመስል ያደርጋል።

በእርማት ወቅት የሚፈጠረው ስህተት ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። በአፋርኛ የአናባቢ መርዘምና ማጠር የቃል ትርጉም የመለየት አቅም አለው፤ ረጅሙም አናባቢ የሚጻፈው ፊደሉን በመደገም ነው። ‹‹ኪው›› የምንለው የላቲን ፊደል የ‹‹ዐ››ን ድምፅ፣ ‹‹ሲ›› የምንለው ደግሞ የ‹‹ሐ››ን ድምፅ ይወክላሉ። ቋንቋውን የማያውቅ አራሚ የተደገመውን ፊደል የትየባ ስህተት መስሎት ሊሰርዝ ይችላል። በእንግሊዝኛ ሕግ ቃላትን የሚከፍል የኮምፒውተር ፕሮግራምም ቃሉን ያለ ቦታው ይቆርጠዋል። ማንበብ በመለማመድ ላይ ያለ ሕፃን እንዲህ ያለ ገጽ ሲገጥመው ‹‹አላውቅበትም›› ብሎ ራሱን ይወቅሳል እንጂ መጽሐፉን አይጠረጥርም።

የፈጠራ ምንጭ

የንድፍ ሐሳብ ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ የአዋሽ ሸለቆ በቂ መልስ አለው። የአፋር አርብቶ አደር ሴቶች ከዘንባባ ቅጠል በሚሠሩት ሰሌን የሚሸፍኑት ቤት ፈርሶ በግመል ይጫናል፤ በሌላ ሥፍራም መልሶ ይተከላል። ቀላል፣ ጠንካራና ለጉዞ የተመቸ ነው። ከቤተሰቡ ጋር ለሚንቀሳቀስ ተማሪ የሚዘጋጅ መጽሐፍም እነዚህኑ ሦስት ባሕርያት ይፈልጋል።

ከዳጉም የሚወሰድ ትምህርት አለ። ዳጉ አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆም ብለው ያዩትንና የሰሙትን የሚለዋወጡበት ባህላዊ የመረጃ ሥርዓት ነው። ተናጋሪው በራሱ ዓይን ያየውን ከሌላ ከሰማው ለይቶ ይናገራል፤ አድማጩም ይጠይቃል፣ ያጣራል። ስለ ጤና ወይም ስለ ጎርፍ ጥንቃቄ የሚያስተምር መጽሐፍ የሚነድፍ ባለሙያ አስቸኳዩን ከገጹ አናት ላይ ቢያስቀምጥ፣ የተረጋገጠውን ከማብራሪያው በግልጽ ቢለይ አንባቢው የሚያውቀውን ሥርዓት ተከተለ ማለት ነው።

የሥዕል ምርጫም እንዲሁ ነው። በመደመር ትምህርት ፍየልና ግመል፣ በዱብቲና በአሚባራ ደግሞ የጥጥ ማሳ ለልጁ ቅርብ ናቸው። ‹‹ቤት›› የሚለው ቃል ከቆርቆሮ ቤት ሥዕል ጋር ብቻ ሲቀርብ በሰሌን ቤት ያደገው ተማሪ የእርሱ ቤት ቤት አለመሆኑን እንዲያስብ ሊያደርገው ይችላል።

ሙቀቱም አንባቢ ነው

ሰመራ በሞቃታማዎቹ ወራት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ትሞቃለች። ዝቅተኛ ጥራት ባለው ሙጫ ብቻ የተጠረዘ መጽሐፍ በእንዲህ ዓይነት ሙቀት ጀርባው ሊላላ፣ ገጾቹም አንድ በአንድ ሊነቀሉ ይችላሉ። የወረቀቱ ቃጫ አቅጣጫ ከመጽሐፉ ጀርባ ጋር ትይዩ ካልሆነ በደረቅ አየር ገጹ ይጣመማል። በጣም የሚያብረቀርቅ ወረቀት ደግሞ ከዳስ ሥር በጠራራ ፀሐይ ለሚማር ተማሪ ዓይን ያስቸግራል። በክር የተሰፋ ጥራዝ፣ የማያብረቀርቅ ወረቀትና ጠንከር ያለ ሽፋን በመጀመሪያ ዋጋቸው ከፍ ሊል ይችላል። አንዱ መጽሐፍ ከአንድ ተማሪ ወደ ሌላው እየተላለፈ የሚያገለግልበትን ዘመን ስናሰላ ግን ወጪው ተመልሶ ቁጠባ ይሆናል።

ከመሥሪያ ቤቶች ምን ይጠበቃል?

በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ መሠረት ጥሏል። በየካቲት 2012 ዓ.ም ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ አፋርኛን ጨምሮ አራት ቋንቋዎች ከአማርኛ በተጨማሪ የፌዴራል መንግሥት የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ አቅጣጫ አስቀምጧል። እነዚህ ውሳኔዎች ወደ ዜጋው እጅ የሚደርሱት በመጽሐፍ፣ በመመሪያና በቅጽ አማካይነት ነው። ገጹ የማይነበብ ከሆነ ውሳኔው በወረቀት ላይ ይቀራል።

ስለሆነም የኅትመት ሥራ የሚያሠሩ ተቋማት ንድፉን በጨረታ ሰነዳቸው ውስጥ ራሱን የቻለ ተግባር አድርገው ሊያስቀምጡት ይገባል። የወረቀትና የጥራዝ መለኪያ ሲወጣም መጽሐፉ የሚታተምበትን ሳይሆን የሚነበብበትን ሥፍራ የአየር ንብረት ታሳቢ ማድረግ ያስፈልጋል። የቋንቋው ተናጋሪ የሆነ አራሚ በመጨረሻው እርማት ላይ ሳይፈርም መጽሐፉ ወደ ማተሚያ ቤት መግባት የለበትም። ከሁሉም በላይ የናሙና ገጾች ከመታተማቸው በፊት በአንድ የቀበሌ ትምህርት ቤት ለተማሪዎችና ለመምህራን ቢሰጡ፣ የት ላይ እንደሚደናቀፉ ማየት የጥቂት ቀናት ሥራ ነው።

መጽሐፍ ከአዋሽ አልፎ ሰመራ እስኪደርስ ረጅም መንገድ ይጓዛል። ከደረሰ በኋላ ሳይነበብ እንዳይቀር የሚያደርገው ሥራ ግን የሚጀመረው ተሽከርካሪው ሳይጫን፣ በነዳፊው ጠረጴዛ ላይ ነው። ይህ ሥራ የሚገባውን ጊዜና በጀት እንዲያገኝ የሚመለከታቸው ሁሉ ትኩረት ሊሰጡት ይገባል።