የተቆለፈው ቫይረስ

ከአንድ እናት በአንድ ቀን የተወለዱ ሁለት የላቦራቶሪ አይጦችን አስቡ። ዲኤንኤያቸው እንደ መንትያ አንድ ዓይነት ነው። ግን አንዷ ቡናማና ቀጭን ናት፣ ሌላዋ ቢጫና ወፍራም። ጂናቸው አንድ ከሆነ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ከአንድ አሮጌ ቫይረስ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሬትሮቫይረሶች (ኤችአይቪም ከነሱ ወገን ነው) ሴል ውስጥ ሲገቡ የራሳቸውን መረጃ በሴሉ ዲኤንኤ መሀል ይሰኩታል። የተሰካው በእንቁላል ወይም በወንድ ዘር ሴል ውስጥ ከሆነ ደግሞ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። እንዲህ በሚሊዮን ዓመታት ሲጠራቀም ቆይቶ ዛሬ ከሰው ዲኤንኤ 8 በመቶ ገደማው የነዚህ ቫይረሶች ቅሪት ነው። ፕሮቲን የሚሠራበት ክፍል እኮ 2 በመቶ እንኳ አይሞላም።

የእኛዎቹ አብዛኞቹ በሚውቴሽን ተበላሽተዋል። የአይጥ ግን አንዳንዶቹ አሁንም ራሳቸውን እያባዙ ሌላ ቦታ ይሰካሉ፤ ጠቃሚ ጂን ላይ ካረፉ ጉዳት ያመጣሉ።

ታዲያ ሴል ምን ያደርጋል? ቆርጦ አይጥላቸውም፤ ይቆልፋቸዋል። ዚንክ ፊንገር የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ ብዙዎቹ የየራሳቸውን ቫይረስ ጽሑፍ ለይተው ያውቃሉ። አንዱ የሚያውቀውን ሲያገኝ እዚያው ተጣብቆ ካፕ1 የተባለውን ፕሮቲን ይጠራል። ካፕ1 ደግሞ ኤንዛይም ይጠራል። ዲኤንኤ፣ ክር በእንጨት ላይ እንደሚጠነጠን፣ ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ የተጠነጠነ ነው። ኤንዛይሙ ሂስቶኖቹ ላይ ሜቲል የሚባል ትንሽ ኬሚካላዊ ምልክት ይለጥፋል፤ ክሩም ጥብቅ ብሎ ይታሸጋል። የታሸገ ጽሑፍ አይነበብም። በዚያ ላይ ዲኤንኤው ራሱ ሜቲል ሲለጠፍበት ቁልፉ ይጠናከራል። በ2010 ተመራማሪዎች ከአይጥ የፅንስ ግንድ ሴሎች ካፕ1ን ሲያስወግዱ ተኝተው የነበሩት ቫይረሶች ነቁ።

ወደ አይጦቻችን እንመለስ። ቫይረሱ የተሰካው አጉቲ ከተባለው የጸጉር ቀለም ጂን አጠገብ ነው። ከተቆለፈ አይጧ ቡናማ ትሆናለች። ካልተቆለፈ ግን የቫይረሱ ማብሪያ ጂኑን በመላ ሰውነት ያለማቋረጥ ያበራዋል። ጸጉሯ ቢጫ ይሆናል፤ የጂኑ ፕሮቲን አንጎል ውስጥ የምግብ ፍላጎትን ስለሚያዛባም ትወፍራለች።

በ2003 የዱክ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሮበርት ዋተርላንድና ራንዲ ጀርትል ለእናት አይጦች ከእርግዝና በፊትም በእርግዝናም ጊዜ ፎሊክ አሲድ፣ ቫይታሚን ቢ12 እና ሌሎች ለሜቲል ሥራ የሚረዱ ንጥረ ነገሮችን መገቡ። ቡናማ ግልገሎች በዙ። (ፎሊክ አሲድ ያቀጥናል ብላችሁ እንዳትሮጡ! የሰው አጉቲ አጠገብ ይህ ቫይረስ የለም።)

ቁልፉ የሚወሰነው ግን ፅንሱ ገና ጥቂት ሴሎች ሳለ ነው፤ ውሳኔውም ዕድል አለበት። ለዚህ ነው ከአንድ እናት ዥንጉርጉር አይጦችም የሚወለዱት፦ ቡናማው ላይ ቫይረሱ ተቆልፏል፣ አጠገቡ ቢጫው ላይ ክፍት ነው።